ጥያቄዬን አገኘሁት

ዛሬም የስፖርት ሳይንስ የዶክትሬት ማስታወቂያ ሳነብ አመሸሁ። ሦስት ሳምንቴ ነው። አብዛኞቹ ስለ አትሌቶች ናቸው፤ የሯጮች ኦክስጅን አጠቃቀም፣ የኳስ ተጫዋቾች የቋንጃ ጉዳት፣ የብስክሌተኞች አመጋገብ። ልቤ ይከጅላል። ማስተርሴንም የሠራሁት እዚያው ላይ ነው። ሯጮችን ጭንብል አልብሼ ትሬድሚል ላይ ሳስሮጥ፣ ከጣታቸው ደም እየወሰድኩ ላክቴት (ጡንቻ ሲበረታበት ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) ስለካ ከረምኩ። ሥራውን ወድጄዋለሁ።

ግን የእናቴ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ከወንበር የምትነሳው በእጇ ተደግፋ ነው። አንድ ቀን "እስኪ እጅሽን ሳትጠቀሚ ተነሺ" አልኳት። አልቻለችም። "አረጀሁ እኮ ልጄ" አለችኝ። እርጅና ብቻ ነው ብዬ ለመቀበል አቃተኝ።

በ1990 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት አለ። በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት ከበድ ያለ ክብደት በእግራቸው እንዲገፉ ተደረገ። ልምምዱን የጨረሱት ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ቁጥሩን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ልምምዱ ሲቆም ግን ጉልበቱ በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ጀመረ። እኔን የያዘኝ ይሄኛው ነው። ተመራማሪው መሣሪያውን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ ሰውየው ቤቱ ውስጥ እንዴት ይቀጥላል?

ጥያቄው ከተገኘ በኋላ ማስታወቂያዎቹን የማነብበት ዓይን ተቀየረ። አንዳንዱ ዕድል ርዕሱም ገንዘቡም ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው። ሌላው የራስሽን ፕሮፖዛል ይዘሽ አማካሪ የምትፈልጊበት ነው። የመጀመሪያው ይቀላል፤ ግን ሦስት አራት ዓመት የሌላ ሰው ጥያቄ ይዞ መኖር አለ። ደግሞ የምፈልገው ሁልጊዜ "ስፖርት ሳይንስ" በሚል ስም አይወጣም። ፊዚዮቴራፒና የኅብረተሰብ ጤና ክፍሎች ውስጥም አገኘሁት። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኪዩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮችም አሉ። ዜግነት አይጠይቁም፤ ተማሪውን በደመወዝ ይቀጥሩታል። ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ግን በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ አይቀበሉም።

በፊት ለአንድ ፕሮፌሰር ረጅም ኢሜይል ልኬ ነበር፤ ውጤቴን፣ ሰርተፍኬቶቼን፣ ሁሉንም ደርድሬ። መልስ የለም። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው ስድስት መስመር ብቻ ጻፍኩ። አንድ ጽሑፋቸውን አንብቤ ያልገባኝን ጠየቅኩ፣ የእኔን ጥያቄ አስከተልኩ። በማግስቱ መለሱልኝ! ከተማሪያቸው ጋርም አገናኙኝ።

ለልጅቷ መጀመሪያ ያነሳሁላት "ረቂቅሽን በስንት ጊዜ አንብበው ይመልሱልሻል?" የሚለውን ነው። "በሁለት ሳምንት፣ ከነአስተያየቱ" አለችኝ። ይህን ከየትኛውም የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሠንጠረዥ አላገኘውም። ከዚያ ሳልጠይቃት ከባዱን ነገረችኝ። በሰው ላይ ጥናት ለማካሄድ የሚያስፈልገውን የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘትና ተሳታፊ አረጋውያንን ማፈላለግ ብቻ ወደ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። የመጀመሪያ ዓመት ዕቅዴን ቁጭ ብዬ እንደገና ሠራሁት።

ሐሙስ ከፕሮፌሰሩ ጋር እንነጋገራለን። እናቴም ወንበሯ ላይ ሁለት ትራስ ደርበን ከፍ አድርገንላት ልምምድ ጀምራለች። ዛሬ ያለ እጅ አራት ጊዜ ተነሳች። ነገ አንዱን ትራስ እናነሳለን።