አልበም ውስጥ የሌሉት

የቤታችን አልበም ውስጥ ዝናብ የለም። ጅማ ተቀምጦ! ከየካቲት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ሰማዩ አንዴ እያካፋ አንዴ እየወረደ በሚከርምበት አገር፣ እኛ ቤት ያሉት ፎቶዎች በሙሉ በጠራራ ፀሐይ የተነሱ ናቸው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ። ሁሉም ለብሶ፣ ተቀባብቶ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ በሚያወጣበት ዘመን እያንዳንዷ ብልጭታ ገንዘብ ስለነበረች ለቁም ነገር ብቻ መዋሏ አይገርምም፤ አልፈርድም። ግን ቤቱ የለም። ጓሮው የለም። ቡናው፣ አቮካዶው፣ ጣሪያው ላይ የሚንጫጩት ወፎች የሉም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ በራችን ላይ ተኝቶ ያረጀው ውሻችን አንበሳ ያለው አንድ ፎቶ ላይ ነው፤ ያለውም ጅራቱ ብቻ። የወንድሜ ምርቃት ላይ፣ ከአበባው በታች፣ በግራ ጥግ። ፎቶ አንሺው «ኧረ ውሻውን አባሩልኝ» ሲል ትዝ ይለኛል። ተባሮ ያልጨረሰው ነው የቀረልን።

እኔ እንግዲህ የማነሳው እነዚህን ሲባረሩ የኖሩትን ነው። ካሜራ የለኝም፤ ስልኬ ይበቃኛል።

«ሰው ጠፍቶ ነው ውሻ የምታነሺው?» ትለኛለች እማዬ። ለእሷ ፎቶ ማለት መቆም ነው። ስልኬን ሳወጣ ካየች ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ከንፈሯን ትገጥማለች፣ እኔ የማውቃት ሴትዮ ወዲያው ትጠፋለች። ቡቺ እንዲህ አያደርግም። ቡቺ የአሁኑ ውሻችን ነው፤ ደረቱ ላይ ካለችው ትንሽ ነጭ በቀር ድፍን ጥቁር። ፎቶ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ አይኮራም። የሱ ጣጣ ሌላ ነው።

ጥቁር ውሻ አንስቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ፣ ግራጫ ቢጤ አድርጎ ነው የሚገምተው። ጥቁር ሲሞላበት «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ቡቺ አመዳም ሆኖ ይወጣል፣ ከኋላው ያለው ግቢ ደግሞ ነጥቶ ይጠፋል። ነጭ ዶሮ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ንጹሕ የነበረችው ዶሮ የቆሸሸች ትመስላለች። መላው ቀላል ነው። ዓይኑ ላይ ጣትን ጫን አድርጎ አቆይቶ ፎከሱን መቆለፍ፣ ከዚያ አጠገቡ ብቅ የምትለዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች መሳብ፤ ለነጩ ወደ ላይ። ያኔ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል። አንዱን ፎቶ አስፍቼ ሳየው የቡቺ ዓይን ውስጥ በራችን ክፍት ሆኖ፣ ደፉ ላይ የእማዬ ጫማ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ቁጢጥ ብዬ ስልክ የያዝኩ እኔ ነበርኩ። አልበም ውስጥ የሌለው ቤታችን ውሻው ዓይን ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ቁጢጥ ማለት የግድ ነው። ቆሜ ካነሳሁት ቡቺ ትልቅ ጭንቅላትና ከሥሩ የተሰኩ አጫጭር እግሮች ነው የሚሆነው። ሲሚንቶው ላይ በሆዴ ስተኛ ግን እሱ ልኩን ያገኛል፤ እኔ ደግሞ መንገደኛ ፊት ልኬን አገኛለሁ። አጥራችን አጭር ነው፣ ወደ ጂሬን የሚወጣ ሰው ሁሉ ያየኛል። አንድ የባጃጅ ሾፌር «እህት፣ ወድቀሽ ነው?» ብሎ አቁሞልኛል፤ አላህ ይስጠው። ወለል ላይ መተኛት ሌላም ዕዳ አለው፤ ቡቺ ለጨዋታ የተዘረጋሁ መስሎት መጥቶ ስልኩን ይልሰዋል። ምራቁ፣ የወጥ ቤቱ ጭስ፣ የዕጣኑ ቅባት፣ ሁሉም ሌንሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ስልኬ አረጀ፣ ፎቶው ጉም ለበሰ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ እመልስለታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ስልኩ ያኔውኑ ወጣት ይሆናል።

ስለ ሩጫው አንድ ነገር። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይለቃሉ ወይስ አይለቁም የሚለው ክርክር የለየለት እ.ኤ.አ. በ1878 ሙይብሪጅ የሚባል ፎቶ አንሺ አሜሪካ ውስጥ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ ሲያነሳ ነው። ይለቃሉ። ዛሬ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው፤ ስልኩ ተርታውን ራሱ ያነሳል። ቡቺም የዳቦ ሻጩን ልጅ ድምፅ ሲሰማ ወደ በር የሚሮጠው በአየር ላይ ነው፤ ጆሮዎቹ ተገልብጠው ቀዩ ውስጣቸው ይታያል። ከዚያ ሁሉ ተከታታይ ፎቶ አንዷን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን እሰርዛለሁ። መሰረዝ የማይችል ሰው ፎቶ ማንሳት ባይጀምር ይሻለዋል፣ ጋለሪው ጆንያ ይሆንበታል።

ብርሃኑ የአገሩን ጠባይ ይዟል። ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ ስለማንርቅ ፀሐይ ጠዋት ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ለስላሳው ብርሃን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው። 3 ሰዓት ሲሆን ጥላው ይጠቁራል፣ ነጩ ይቃጠላል፣ ስልኬን ኪሴ እከታለሁ። በረንዳችን ፊቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ በበጋ ፀሐይ አይደርስበትም፤ ያ ጥላ ለፎቶ ምቹ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ በኋላ ግን ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በረንዳውም ፀሐይ ያገኛል። ይህን ልብ ያልኩት ድመታችን ውሮ የመኝታ ቦታዋን ስትቀይር አይቼ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ክረምቱ ነው። ደመናው ሲዘረጋ ብርሃን ከየአቅጣጫው እኩል ይመጣል፣ ፊት ላይ የሚያጠላ ነገር የለም፣ የቡናው ቅጠል ታጥቦ ያብለጨልጫል፣ ቀኑን ሙሉ ማንሳት ይቻላል። ፎቶ በፀሐይ ነው የሚያምረው ብሎ ያስተማረን ማን እንደሆነ እንጃ፤ አባቶቻችንን ፀሐይ ላይ አቁሞ ዓይናቸውን አስጨፈነብን።

ውሮ ሌላ ዓለም ናት። ውሎዋ ወጥ ቤት፣ ምድጃው ሥር፣ ትኩስ አመድ አጠገብ ነው። እዚያ ጨለማ ስለሆነ ስልኩ በቂ ብርሃን እስኪሰበስብ ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበት ጆሮዋን እንኳ ካነቃነቀች ፎቶው ይደበዝዛል። ፍላሽ አላበራም። ከዓይኗ ኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ በፍላሽ ያነሷት እንደሆነ ሁለት አረንጓዴ አምፖል ነው የሚወጣው፤ እሷም ተቆጥታ ትሄዳለች። የሚያዋጣው በሩ ደፍ ላይ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። እዚያ ግማሽ ፊቷ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ይሆናል። ብሌኗ ደጅ ስታይ ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር ትሆናለች፤ ወደ ውስጥ ስትዞር ትከፈትና ዓይኗን በሙሉ ትሞላዋለች። ጢሟን ጭስ አጥቁሮታል፣ በአንድ በኩል ያለው በእሳት ተለብልቦ አጥሯል። አንድ ቀን እንዲህ ባለ ብርሃን፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና የጸለየች የምትመስልበት ፎቶ አነሳሁ። ቀጣዩ ፎቶ ላይ ደፉ ባዶ ነው፤ ከሱ የሚቀጥለው ላይ አፏ ውስጥ ላባ አለ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

ወፎቹን እንኳ ከእሷ ብዙ አዳንኩ ማለት አልችልም፣ ግን ከላይ ያሉት አይደረስባቸውም። ጎረቤት ግቢ ያለው ዘምባባ ላይ ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪ ወፎች ሰፍረዋል። የሚሠራው ወንዱ ነው። ከዘምባባው ቅጠል ጫፍ ነክሶ ይበርራል፣ ቅጠሉ ረጅም ሆኖ ይቀደድለታል፣ እያጠላለፈ ይሰፋዋል። ሲጨርስ ከታች ተዘቅዝቆ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል፤ «ኑና እዩ» ነው። ሴቷ መጥታ ትገባለች፣ ውስጡን ትፈትሻለች፣ ካልጣማት ትሄዳለች። ጎጆው አረንጓዴነቱን ትቶ ከደረቀ በኋላ የሚመርጠው የለም፤ ያን ጊዜ ወንዱ ራሱ አፍርሶት እንደገና ይጀምራል። ሲያፈርስ የሚያሳየው ቁጣ ሲሠራ ከነበረው ትጋት አያንስም። ስልክ ዙም ሲያደርግ ስለሚያበላሽ ቅርብ ምስላቸው የለኝም፤ ግን አንዲት ፎቶ አለችኝ። እሱ ተዘቅዝቆ ባለ በሌለ ኃይሉ ይለምናል፣ እሷ እሾሁ ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ታያለች። እማዬ ይህቺን አይታ በጣም ሳቀች፣ ለማን እንዳመሳሰለቻቸው ግን አልነገረችኝም።

ጥንብ አንሳውን ማንሳቴ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። ሥጋ ቤቶቹ አካባቢ ቆርቆሮ ላይ ተርታውን ይቀመጣሉ፣ አንዳንዱ እኛ ጣሪያ ላይም ያርፋል። «ይህን መጥፎ ነገር!» ይሉኛል። እኔ ግን አንገቱን ሰብስቦ ዝናብ ሲወርድበት ካየሁት በኋላ ጨክኜ መጥፎ ማለት አቃተኝ። ፊቱ ላባ የሌለው፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ከሌላው ጋር አጥንት ሲሻማ ደም ይሞላና ቅልት ይላል። እኛ ከየጣሪያው የምናባርረው ይህ ትንሹ ጥንብ አንሳ በዓለም ላይ ከባድ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ወፎች አንዱ ነው፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 የመጨረሻው የአደጋ እርከን ላይ አስገብቶታል። አንዱ ገዳዩ ለሌላ አውሬ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ነው። የውሻችንን የአንበሳን ጅራት ብቻ ያስቀረን ሰዎች ስለሆንን፣ ይህንንም በግማሽ እንዳናስቀረው ፈራሁ። ቢያንስ የኛ ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሙሉውን ተነስቷል፣ ከነዝናቡ።

የቡናው አበባ ላይ ብዙ አልልም፣ የጅማ ሰው ሁሉ አንስቶታል። ደረቁ ወር አልፎ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከወረደ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ ግቢው በአንድ ሌሊት ይነጣል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይጠወልጋል። ንቦቹ ሲገቡበት ፎቶው ያምራል፣ ሽታውን ግን ማንም አልላከውም። እኔ የበለጠ የምወደው ኅዳር ላይ ጀንፈሉ ሲሰጣ ዶሮዋ መሐሉ ገብታ ስትጭርና እማዬ መጥረጊያ ይዛ ስትደርስ ያለውን ነው። እማዬን ከአልበም ፊቷ ውጭ ያገኘኋት እዚያ ብቻ ነው፤ አፏ ተከፍቷል፣ ነጠላዋ ወድቋል። ሰርዢ ብላኛለች። አልሰረዝኩም።

ወሬው ሰፈር ሲዳረስ ጎረቤታችን እማማ መጡ። ልጃቸው ሳውዲ ነው ያለው። «ልጄ፣ ጉራቲን አንሺልኝና ላኪለት፤ ጥጃ ሆና ነው ትቷት የሄደው» አሉኝ። በነጋታው ስሄድ ላሟን አጥበው፣ አዲስ ገመድ አስረው፣ አጥሩ ፊት ለፊት በጎን አቁመው ጠበቁኝ፤ ራሳቸውም የአንገት ልብሳቸውን ቀይረዋል። እንደፈለጉት አነሳኋት። ከዚያ ገመዱ ሲለቀቅ ጥጃዋ ሮጣ ጡቷ ሥር ገባች፣ ጉራቲ ዞራ ጀርባዋን መላስ ጀመረች፣ ያንንም አነሳሁ። ሁለቱንም በኢሞ ላክንለት።

ማታ የድምፅ መልእክት መጣ። እማማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ፈገግ እንዳሉ ነበር የከፈቱት። ልጁ ስለ ላሟ አንድ «ማሻአላህ» አለና ወዲያው ድምፁን ለወጠ፤ «እማ፣ ከኋላዋ ያለው አጥር ወደኛ አልገባም እንዴ? ባሕር ዛፉስ የት ሄደ?» ለካ የታችኛው ጎረቤት ባጃጁን ማዞሪያ አጥቶ ሲቸገር እማማ ራሳቸው ትንሽ ግባ ብለው ፈቅደውለት፣ ለልጃቸው ሳይነግሩት ከርመዋል። ስልክ ተደወለ። መርካቶ የሚያክል ጭቅጭቅ ሆነ፣ እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ አጎንብሼ ቀረሁ። ሲጨርሱ ስልኩን መለሱልኝና «ሁለተኛ ስታነሺ ላሟን ብቻ፣ ጠጋ ብለሽ» አሉኝ። «አጥሩን አሳዪው ያለሽ ማነው?»