ጠፍቶም የነዘረን ቦይለር

ቁራሌው የመጣው ሐምሌ 20 ቀን ጠዋት፣ የገብርኤል እንግዶች ገና ክፍል ሳይለቁ ነው። የብረት መቁረጫ ሲሊንደሮቹን በጋሪ አስጭኗል። «ቦይለሩንም፣ የናፍጣ ታንከሩንም በአንድ ቀን ቆራርጬ አነሣለሁ፤ ቦታውን ጠርጌ አስረክባለሁ» አለ። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ደስ ብሏቸው ወደ እኔ አዩ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሆቴላችን ሐዋሳ ውስጥ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ የተሠራ፣ ባለ ሦስት ፎቅና ባለ 24 ክፍል ነው። የጥገናው ኃላፊ እኔ ነኝ። ለሁሉም ክፍል ሙቅ ውሃ የሚሰጠው ከግቢው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት የተተከለ አንድ የናፍጣ ቦይለር ነበር። በብርድ አገር እንዲህ ያለው ቦይለር ውሃውን በየክፍሉ እያዞረ ቤቱን ጭምር ያሞቃል፤ ሐዋሳ ላይ ገላ መታጠቢያ ብቻ ይበቃናል። የናፍጣው ወጪ ሲከብድ በየክፍሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባንና ቦይለሩን በየካቲት አጠፋነው። ያን ዕለት ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር።

ቁራሌውን ያስቆሙት ጋሼ ናቸው። ቦይለሩን 19 ዓመት የያዙት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ጠዋት ጠዋት ሻይ ሊጠጡ ይመጣሉ። «ልጄ፣ ይህ ሰው ታንከሩን በእሳት ሊቆርጥ ነው?» አሉኝ። ባዶ ነው አልኳቸው። «እኔን የሚያስፈራኝስ ባዶው ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በተራ ሙቀት ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። የመቁረጫው ነበልባል ግን ከ3000 ዲግሪ ያልፋል። ከታንከሩ ሥር የቀረው ጭቃ መሰል ዝቃጭ በዚያ ሙቀት ሲተን፣ ባዶው ቦታ ተንና አየር የተቀላቀለበት ቦንብ ይሆናል። ታንከሩ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ውስጡ አየር አይኖርም ነበር። ቁራሌውን በሻይ ሸኘነው፤ ቀጠሮም ሰጠነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ምንም ሳልፈታ ጠመኔ ይዤ ቧንቧ ስከተል ዋልኩ። እትዬ ደመወዝ የሚከፍሉኝ ግድግዳ እንድቸከችክ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገር ግን ማንም የማያውቀውን መስመር ያገኘሁት በዚያ ችክቸካ ነው፤ ቀድሞ የሠራተኞች መታጠቢያ ወደነበረው መጋዘን የሚሄድ፣ ጫፉ በግድግዳ ውስጥ የተደፈነ ቧንቧ። ከዋናው መስመር ጋር ተያይዞ ሳለ ውሃ የማይመላለስበት እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ክፉ ነገር ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ በሻወር ብናኝ ተተንፍሶ ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል። ስሙን ያገኘው በፈረንጆቹ 1976 ፊላደልፊያ ውስጥ ሆቴል ላይ ተሰብስበው ከታመሙ «አሜሪካን ሌጂዮን» የተባለ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባላት ነው። ስለዚህ የማይሠራ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ አይደፈንም፤ ከዋናው መስመር ከሚነሣበት ሥር ተቆርጦ እዚያው ይደፈናል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። የቦይለሩን ብሬከር አጠፋሁና የሳጥኑን በር በቁልፍ ዘግቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያገኘውን ማብሪያ ሁሉ ወደ ላይ የሚገፋ አስተናጋጅ አለንና። ቴስተሩን ግን ልማዴ ሆኖ የውሃ ማዞሪያው ፓምፕ ጫፍ ላይ ሳስነካው በራ። ፓምፑ ለካ መብራቱን የሚያገኘው ከወጥ ቤቱ ሳጥን ኖሯል። ጄነሬተሩንም አስነሥቼ ደግሜ ፈተሽኩ፤ በጄነሬተር ብቻ የሚነቃ መስመር አጋጥሞኝ ያውቃልና። የሳጥን ላይ ጽሑፍ ማመን ያቆምኩት ያን ዕለት ነው።

ውሃ ማፍሰሱ ቀላል ይመስላል። የግፊት መለኪያው ዜሮ ያሳያል፤ ጋሼ ግን «እርሱ ከሞተ ቆይቷል» አሉ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ከቦይለሩ 12 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የውሃ ዓምድ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይጫናል፤ ስለዚህ መርፌው ምንም ቢል እውነተኛው ግፊት ከአንድ ባር በላይ ነበር። መጀመሪያ ከሮቶው የሚመጣውን መስመር ዘግተን ፈታነው። ከዚያ የሥሩን ማፍሰሻ ስከፍት ጥቂት ባልዲ ወርዶ ቆመ። ላዩን ሳልከፍት ሥሩን ከፍቼ ነበርና ነው፤ አየር ካልገባ ውሃ አይወርድም፤ ቆርቆሮው ስስ የሆነ ታንከር ደግሞ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ጣሪያ ላይ ወጥቼ የአየር መተንፈሻውን ስፈታው ቧንቧው እንደ ሰው በረጅሙ አየር ሳበ። አንዲቱን ቀይ ክብ ዕቃ፣ ውሃው ሲሞቅ ሰፍቶ የሚተርፈውን የምትቀበለውን፣ ከመፍታታችን በፊት እንደ መኪና ጎማ በቫልቯ አስተነፈስናት። ውስጧ የታመቀ አየር አለ።

የእናንተ ቦይለር ትናንት የጠፋ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊት ውስጥ ሆኖ ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ድንገት ሲከፈት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በእጅ እስኪነካ ድረስ ይብረድ።

የወረደው ውሃ የት ይሂድ በሚለው ከእትዬ ጋር ተከራከርን። እርሳቸው ወደ መንገዱ ቦይ አሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር ይዞት ይቀመጣል። ከሐይቁ የተጠመደውን ዓሣ፣ አሞራ ገደል ከሚባለው የዓሣ ገበያ ሄደን የምንበላ እኛው ነን። ከዝገት በቀር ሌላ ያልነካው ውሃ ወደ ግቢው መሬት ሄደ፤ ዘይትና ፀረ ዝገት የነካው ውሃና የናፍጣው ዝቃጭ በበርሜል ታሽጎ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ሰው ተሰጠ። እትዬ የበርሜሎቹን ዋጋ እስከ ዛሬ ያነሡብኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ውሃው ወርዶ ካለቀ በኋላ ከቦይለሩ ወደ ፎቁ የሚወጣውን የብረት ቧንቧ በመጋዝ ቆረጥኩት፤ ጫፉንም በጥሩ ሁኔታ ደፈንኩ። ሥራዬ አኩርቶኝ ተኛሁ። በማግስቱ የክፍል አጽጂዋ ከ9 ቁጥር እየሮጠች ወጣች። «ወንድሜ፣ ቧንቧው ነዘረኝ!» አለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዋናውን መብራት አጥፍቼ እንግዶቹን አስወጣሁ። ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አዲሶቹን ማሞቂያዎች የገጠመው ሠራተኛ በግራ በኩል ባሉት ክፍሎች የመሬት ገመዱን፣ አፈትልኮ የወጣ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ ወደ ዋናው ሳጥን ከመዘርጋት ይልቅ አጠገቡ ባገኘው የብረት ሙቅ ውሃ ቧንቧ ላይ አስሮታል። ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ ከቦይለሩ፣ ቦይለሩም መሬት ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር የተያያዘ ነበር። እኔ ደግሞ በየክፍሉ ወደ አሮጌው መስመር የሚወስደውን ቫልቭ ስለዘጋሁ ነገሩ የተለያየ መስሎኝ ነበር። ቫልቭ መዝጋት የሚያቆመው ውሃን ነው፤ ኤሌክትሪኩ በብረቱ ላይ አልፎ ይሄዳል። የአንዱ ክፍል ማሞቂያ ውስጡ ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ፣ አሮጌው ቦይለር ያንን ዝም ብሎ ወደ መሬት ሲያወርድልን ከርሟል። ቧንቧውን ስቆርጥ መውረጃውን ቆረጥኩት። መውረጃ ያጣው ኤሌክትሪክም በዚያ ወገን ያለውን ብረት ሁሉ ይዞ ሰው እስኪነካው ጠበቀ።

የተበላሸውን ማሞቂያ አወረድን። ለሁሉም ክፍል ትክክለኛ የመሬት ገመድ አዘረጋን፤ አፈትልኮ የሚወጣ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በቅጽበት የሚያቋርጥ መቁረጫም አስገባን። ይህ ሁሉ ከመጋዙ በፊት መሆን ነበረበት። የብረት ቧንቧ ከመቁረጥ በፊት የማን የመሬት ገመድ ተደግፎበት እንዳለ መፈተሽ፣ ካልታወቀም የሚቆረጠውን ቦታ ሁለቱን ወገን በወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ አሥሮ ማገናኘት ግድ ነው። አጽጂዋን ይቅርታ ጠየቅኋት። «እግዜር አተረፈኝ» ብላ ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲህ የ9 ቁጥርን ቧንቧ የምትከፍተው በጨርቅ ይዛ ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ታንከሩን ቁራሌው ጳጉሜን ሳይገባ መጥቶ ወሰደው፤ ዝቃጩ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በውሃ ተሞልቶ፣ መጀመሪያ ያለ እሳት ክዳኑ ተፈትቶ። ጭስ ማውጫው ዝናብ እንዳይገባበት አየር በሚያስተላልፍ ክዳን ተሸፈነ፤ አሁን አባ ኮዳ ይቆምበታል።

አንድ ነገር ብቻ ሳይነሣ ቀረ። ወደ ወጥ ቤቱ የሚሄደው ስድስት ሜትር ቧንቧ የተጠቀለለበት አሮጌ ነጭ ሽፋን አስቤስቶስ (ሙቀት የሚከላከል ጭረታማ ማዕድን) ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም። አስቤስቶስ ከሆነ ሳይነካ ሲቀመጥ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ሲቆረጥና ሲፋቅ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ጫፍ ደፍነን፣ በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልለን፣ በሰሌዳ ጋርደን ተውነው። ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም «ውስጡ አሮጌ ቧንቧ አለ። አይቆረጥ፤ አይፋቅ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። እትዬ ወጥ ቤቱን አበላሸህ ብለው በነጭ ቀለም ሊያስቀቡት ሁለት ጊዜ ሠራተኛ ጠርተው ነበር፤ ሁለት ጊዜም መለስኩት። አሁን ፍሪጅ አስጠግተውበታል። ፍሪጁን ያነሣ ሰው ጽሑፉን ያየዋል፤ በዚህ ተስማምተናል።