ጉበቱን ያተረፈው ተክሉ አልነበረም

የባህላዊ መድኃኒት ለጉበት ይበጃል ወይስ ይጎዳል ብላችሁ ልትመረምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ አትጀምሩ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቅጠሉን ጥላ ላይ አደረቅሁ፣ ፈጨሁ፣ በኤታኖል ዘፈዘፍሁ፣ አጥልዬ አልኮሉን አስተነንሁ። የተረፈውን ኤክስትራክት ለአይጦች ለተወሰኑ ቀናት ሰጠሁ። ከዚያ ጉበታቸውን እንዲጎዳ ከፍተኛ መጠን ያለው ፓራሲታሞል፣ በማግስቱ የደም ምርመራ። ጉበት ሲጎዳ ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ደም ውስጥ ይጨምራሉ።

ጣጣው የመጣው ከማሟሟቱ ነው። ኤክስትራክቱ ውሃ ውስጥ አልሟሟ አለ። እንደ ሬንጅ ብርጭቆው ግርጌ ላይ ተለጠፈ። ዲኤምኤስኦ የሚባለው ማሟሚያ ፈሳሽ ሲጨመርበት ግን ወዲያው ሟሟ። ስለዚህ የማሟሚያው ውጤት ከተክሉ እንዲለይ፣ ዕቅዴ ላይ ከፓራሲታሞሉ በፊት በተክሉ ፈንታ ዲኤምኤስኦ ብቻ የሚወስድ ቡድን አስገባሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰረዘው። «የእንስሳቱን ቁጥር ቀንሺ፤ ውሃ የሚወስደው ቡድን ይበቃሻል።» ተከራከርሁ። ማን ሰምቶኝ!

ውጤቱ ሲመጣ አጃኢብ ነበር። በተክሉ ፈንታ ውሃ የወሰዱት አይጦች ጉበት ገርጥቶ ነጠብጣብ ሞልቶታል። ተክሉን የወሰዱት ጉበት ለስላሳና ጥቁር ቀይ ነው። ሁሉም «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ፓራሲታሞል ጉበትን የሚጎዳው፣ ሲዋይፒ2ኢ1ን የመሳሰሉ የጉበት ኢንዛይሞች ናፕኪ ወደሚባል መርዝ ሲቀይሩት ነው። ዲኤምኤስኦ ደግሞ ይህን ሥራቸውን ያግዳል። መርዙ ካልተሠራ ተክሉ ጉበቱን ከምን አዳነው ይባላል?

ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ፊርማ፣ ሌላ ጥበቃ። ሙከራውን ከነሙሉ ቡድኖቹ ደገምሁት። ፓራሲታሞልና ዲኤምኤስኦ ብቻ የወሰዱት አይጦች ተክሉን ከወሰዱት እኩል ደኅና ሆነው ተገኙ። የወራት ልፋቴ ገደል ገባ። ልብ በሉ፤ እንስሳ ለመቆጠብ ተብሎ ከመጀመሪያው ዕቅዴ የበለጠ አይጥ ሞተ።

እንግዲህ ቁጥር ቀንሱ ከተባላችሁ፣ የተለያየ የተክል መጠን ከሚወስዱት ቡድኖች አንዱን ቀንሱ እንጂ ማሟሚያውን ብቻ የሚወስደውን ቡድን አታስነኩ። እሺ ካላሏችሁ ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል። ተክሉን ከፓራሲታሞሉ በፊት ብቻ ሳይሆን በኋላም ስጡ፤ ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ከታመመ በኋላ ነዋ። ደም ስትቀዱ ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ከቀላ ጣሉት፤ ኤኤስቲ ከፈነዱ ቀይ የደም ሴሎችም ይወጣል፣ ያሳስታችኋል።

«በኪሎ 2000 ሚሊግራም ሰጥተን በ14 ቀን ውስጥ የሞተ አይጥ ስለሌለ ተክሉ ደኅና ነው» የሚሉትንም አልሰማም። የኦኢሲዲ (ለኬሚካል ደኅንነት ምርመራ መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት) መመሪያ ያንን የሚጠይቀው ለድንገተኛ መርዛማነት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ተወስዶ በቶሎ ለሚታይ ጉዳት ነው። ሰው ግን እነዚህን ቅጠሎች ለወራት ይጠጣል። ተክሉን ብቻውን ቢያንስ 28 ቀን፣ ከተቻለ 90 ቀን ስጡና ጉበቱን በማይክሮስኮፕ እዩ። ኮሚቴው «መመሪያው አያስገድድም» ይላችሁ ይሆናል። ይበል።