አንድ ድምፅ ጨምርበት
የሠርግ ልምምድ ላይ ነን። ኪቦርዴን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ሜይንስቴጅ በሚባለው የማክ የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ድምፅ ደርድሬያለሁ። ፒያኖ፣ ስትሪንግ፣ ከኋላ ለስለስ ብሎ የሚሞላ ፓድ፣ ከላይ ማሲንቆ። የባንዳችን መሪ እጁን ኪሱ ከቶ ያዳምጣል።

«ጥሩ ነው። ግን ቀጠነብኝ። አንድ ድምፅ ጨምርበት።»

ብራስ ጨመርኩ። «አሁንም።» ኳየር ጨመርኩ። «ኦርጋን የለህም እንዴ?» አለ። ሞልቶ!

መደራረብ ደግሞ በነፃ አይደለም። እያንዳንዱ ሌየር፣ ማለትም የተደረበ ድምፅ፣ ፕሮሰሰሩን ይበላል። ላፕቶፑ ሲደክም ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። እሱን ለማስታገስ በፈሩን፣ ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን የድምፅ ናሙና ብዛት፣ ከ128 ወደ 1024 ከፍ ታደርገዋለህ። ያኔ ድምፁ ከጣትህ ወደኋላ ይቀራል፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ በፈሩ ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ያስጠብቅሃል። ትዝታ ላይ እንደምንም ትችለዋለህ። ቺክቺካ ላይ ግን ከድራመሩ ጋር ተጣላህ ማለት ነው።

ማሲንቆው የራሱ ጣጣ አለው። ለማስለቀስ ፒች ቤንዱን፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያንሸራትተውን መቆጣጠሪያ፣ ስትገፋው ከሥሩ ያለው ስትሪንግና ኦርጋን እንደተጎተተ ካሴት አብሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ ፒች ቤንዱን ለማሲንቆው ብቻ ትቼ ከሌሎቹ ላይ አጠፋሁት።

«ጋሼ፣ ቤዙ እኮ እየተዋጠ ነው» አልኩት። ፓዱ፣ ኦርጋኑና የፒያኖው ግራ እጅ ቤዝ ጊታሩ ላይ ተጋድመውበታል።

«ቤዙን የሚውጠው ቤዚስቱ ራሱ ነው» አለ።

ቤዚስታችን ጥግ ላይ ክሩን እየቃኘ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። መሪውን ሳይሆን እኔን!

«በኢኪው፣ ወፍራም ቀጭኑን ድምፅ እያመጣጠንኩ፣ ልሞክረው?» አልኩት መሪውን።

«ስማ፣ እኔ ይሄን ሥራ አንተ ሳትወለድ ነው የጀመርኩት። ጨምር ስትባል ጨምር።»

ለዚህ ንግግር እስካሁን መልስ ያገኘለት ሰው አላየሁም።

ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ብራሱን፣ ኳየሩንና ኦርጋኑን ድምፃቸውን ከሚያወጣው ፕለጊን ጋር አጠፋሁ። ፓዱ ከመሃለኛው ሲ በላይ ብቻ እንዲሰማ ገደብኩት። ከስትሪንጉ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥኩ። በፈሩን ወደ 128 መለስኩ። ስክሪኑ ላይ ግን ሰባቱም ሌየሮች በሰልፍ እንደቆሙ ናቸው።

ተመልሰው ገቡና ጀመርን። ቤዙ ወጣ። የድራሙ ኪክ ደረት ላይ ይመታል። መሪያችን ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ወደ ስክሪኑ ጠቆመ።

«አያችሁ? ድምፅ ማለት ይሄ ነው! ጨምር፣ ጨምር ስለው የነበረው ለዚህ ነው።»

ቤዚስቱ ሳቁን ለመደበቅ ወደ አምፕሊፋየሩ ዞረ።

ሠርጉም ደመቀ። መሪያችን አሁን ለየባንዱ ኪቦርዲስት ምክር ይሰጣል፤ ከሰባት ድምፅ በታች ይዛችሁ መድረክ እንዳትወጡ ይላቸዋል። በቀደም አንዱ ልጅ ደወለልኝ። ሰባቱን ሲደረድር ላፕቶፑ እየተንጣጣ አስቸግሮታል። ምን ዓይነት ማክ እንደምጠቀም ጠየቀኝ። ሞዴሉን ነገርኩት። ስለጠፉት ሌየሮች ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰውዬው ክፍያዬን ጨምሮልኛላ!