አሞራ ገደል ላይ ስለ አንድ ደራሲ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ከእህቴ ልጅ ጋር የዓሣ ሾርባ እየጠጣን ቆየን። በምህንድስና ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህ ዓመታት የሠርግ ፎቶ አንስቷል፣ ባጃጅ ነድቷል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ አጫጭር ልብ ወለዶች ይጽፋል። «ጋሼ፣ አንዱንም በወጉ ሳልይዝ ዕድሜዬ ሄደ» አለኝ፣ ዓይኑን አጠገባችን ከቆመው አባ ኮዳ ሳይነቅል።

ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ዳግላስ አዳምስ አጫወትኩት። ቀልድን ከሳይንስ ልብ ወለድ ጋር ያዋሐደው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በቢቢሲ ራዲዮ የተላለፈው የጠፈር ድራማው ስሙን ከማስጠራቱ በፊት፣ በሆስፒታል ሕሙማንን እየገፋ ከክፍል ክፍል የሚያደርስ ሠራተኛ፣ የዶሮ ቤት ጠራጊ፣ እንዲሁም የአንድ የኳታር ቤተሰብ የግል ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። ድራማው በዓመቱ መጽሐፍ፣ በ1984 ደግሞ የኮምፒውተር ጨዋታ ሆነ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን የኋላው ሥራው ነው፤ ከአንድ የሥነ እንስሳት ባለሙያ ጋር አገር ላገር ዞሮ ሊጠፉ ስለተቃረቡ እንስሳት ጽፏል፣ በ1994ም ለአውራሪሶች ጥበቃ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተደረገው የኪሊማንጃሮ ጉዞ የአውራሪስ ቅርጽ ያለው ከባድ ልብስ ለብሶ ተካፍሏል። በ2001 በ49 ዓመቱ በድንገት በልብ ሕመም ማረፉን ስነግረው ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠ።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩን አወጣና፣ ተሳፋሪ ጭኖ ጨረቃ ላይ ስላለ መናኸሪያ የደረሰ የባጃጅ ሾፌር የጀመረውን ታሪክ፣ ሾርባችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ አነበበልኝ።