ዶክተር ሄክተር በስልክም ያክሙ ነበር

የምሠራው ቴክሳስ፣ ኮርፐስ ክሪስቲ ውስጥ ነው። የወደብ ከተማ ናት። በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ከታካሚዎቻችን አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አረጋውያን ናቸው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ትልቅ ሐኪም ነው። ስማቸውን የሰማሁት ግን በሥራ ቦታ በተነሳ ጭቅጭቅ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

አንድ አዛውንት በቀጠሯቸው መጡ። ስኳራቸው ጣሪያ ነክቷል። ሐኪሙ የኢንሱሊኑን መጠን ከፍ ሊያደርግ ነበር። አብራኝ ተረኛ የነበረችው አንጋፋ ነርስ ግን «አንዴ ቆይ» አለችና በስፓኒሽ ታወራቸው ጀመር። ሰውዬው ከሸሚዝ ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። ጠርዙ በላብ ወይቧል። የመድኃኒት ድጋፍዎ እንዲቀጥል ይህን ቅጽ ሞልተው ይመልሱ ይላል፤ በእንግሊዝኛ። ቀኑ አልፏል፤ ድጋፉም ተቋርጧል። እሳቸው እጃቸው ላይ የቀረችውን ኢንሱሊን ለማብቃቃት በየቀኑ የሚወጉትን ሲቀንሱ ከርመዋል። ለካ ችግሩ የመጠን አልነበረም።

ነርሷ እዚያው ስልክ አንስታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለች። ጠብቁ የሚለው ሙዚቃ ተጀመረ፤ አላልቅም አለ። አለቃችን መጣ። «ይሄ እኮ የኛ ሥራ አይደለም፤ ወረፋው እየረዘመ ነው» አላት። ክፉ ሰው አይደለም። በቀን ስንት ሰው ታየ ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። እሷ ድምጿን ሳትጨምር «ዶክተር ሄክተር በስልክም ያክሙ ነበር» አለችው። ዝም አለ። የአካባቢው ተወላጅ ስለሆነ ማንን እንዳነሳች ገብቶታል። በዚያው ቀን ቅጹ ተሞልቶ በፋክስ ሄደ። በምሳ ሰዓት «ማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳት። ያን ዕለት የነገረችኝንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን አጣምሬ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሄክተር ፔሬዝ ጋርሲያ በ1914 ሜክሲኮ፣ ታማውሊፓስ ግዛት ተወለዱ። አባትና እናታቸው አስተማሪዎች ነበሩ። የሜክሲኮ አብዮት ሲፋፋም ቤተሰቡ በ1917 ድንበር ተሻግሮ ቴክሳስ ገባ። ስደተኛ ሆነው አባትየው ሱቅ ከፈቱ፤ ልጆቻቸውን ግን ለትምህርት እንጂ ለሱቅ አላሳደጓቸውም። ከልጆቻቸው ስድስቱ ሐኪም ሆኑ። ሄክተር በ1940 ጋልቬስተን ከሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ለተጨማሪ ሥልጠና የሚቀበላቸው ሆስፒታል ቴክሳስ ውስጥ ስላልተገኘ እስከ ኦማሃ፣ ኔብራስካ ድረስ ሄዱ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና አውሮፓ ዘመቱ። በሻለቅነት ማዕረግና በብሮንዝ ስታር ሜዳይ ተመልሰው በ1946 ኮርፐስ ክሪስቲ ውስጥ ክሊኒክ ከፈቱ። መክፈል ለማይችል ሰው በነጻ ያክሙ ነበር።

እዚያ ክሊኒክ የሚመጡት ብዙዎቹ ከጦርነት የተመለሱ ሜክሲኮ አሜሪካውያን ነበሩ። ቁስላቸው ይታያል። ግን ለአርበኛ የሚገባው አበል ይዘገይባቸዋል፤ አልጋ ይከለከላሉ፤ ለሚጽፉት ማመልከቻ መልስ የለም። አብረዋቸው የተዋጉት ነጮች ሁሉንም አግኝተዋል። ሐኪሙ መርፌ ከወጉ በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ማርች 26 ቀን 1948 የአካባቢውን አርበኞች ሰብስበው አሜሪካን ጂአይ ፎረም የተባለውን ማኅበር መሠረቱ።

በጃንዋሪ 1949 ደግሞ አንድ አቤቱታ ደረሳቸው። ፌሊክስ ሎንጎሪያ የሚባል ወታደር በ1945 ፊሊፒንስ፣ ሉዞን ላይ ተገድሏል። አስከሬኑ ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሊገባ ነው። ሚስቱ ትሪ ሪቨርስ በምትባለው የትውልድ ከተማው ያለውን የቀብር አስፈጻሚ ቤት ጸሎት ክፍል ለሽኝቱ ስትጠይቅ ተከለከለች። ምክንያቱ «ነጮቹ ደስ አይላቸውም» የሚል ነበር። ለአገሩ ለሞተ ሰው! እኔ ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ።

ዶክተር ጋርሲያ ግን ለቁጣ አልቸኮሉም። ለቀብር አስፈጻሚ ቤቱ ባለቤት ራሳቸው ደወሉለት። ጸሐፊያቸው በሌላኛው ስልክ እያዳመጠች የተባለውን በአጭር ጽሕፈት መዘገበች። የማደንቀው ይህንን ነው። ሰውዬው በኋላ አላልኩም ቢል ወረቀቱ አለ። ከዚያ ለባለሥልጣናት 17 ቴሌግራም ላኩ። ገና ሴናተርነቱን የጀመረው ሊንደን ጆንሰን ቶሎ መለሰ። በግል ቀብር አስፈጻሚ ላይ ሥልጣን የለኝም፤ ግን በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በሙሉ ክብር እንዲያርፍ አደርጋለሁ አለ። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1949 እዚያ ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። በ1954 ማኅበራቸው ሲደግፈው በነበረው የሄርናንዴዝ ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜክሲኮ አሜሪካውያንን ከጁሪ፣ ማለትም ፍርድ ከሚሰጠው የተራ ዜጎች ሸንጎ፣ አግልሎ መፍረድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በ1984 ፕሬዚዳንት ሬገን የነጻነት ሜዳይ ሸለሟቸው። በ1996 አረፉ። እዚህ ከተማ ግን ሽማግሌዎቹ ሲያነሷቸው ሜዳዩን አይጠቅሱም። ማታ ቤታችን መጥተው አዩን፣ ወረቀታችንን ሞሉልን ነው የሚሉት።

እኔም አሁን ግፊት ስለካ «የመጣልዎት ደብዳቤ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ደጋግሞም አለ። አለቃችንም ሳምንታዊው ፕሮግራም ላይ ለዚህ ሥራ የተወሰነ ሰዓት መድቦልናል፤ ጭቅጭቁ እዚህ አደረሰን።

በዳላስም በዲሲም በሆስፒታል የምትሠሩ ወገኖቼ ብዙ ናችሁ። የእኛም እናቶችና አባቶች የማያነቡት ፖስታ በየቤቱ አለ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የልጅ ልጅ እያስተረጎመላቸው ግማሹን ነገር አፍረው ይውጡታል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት ማዳላትን ስለከለከለ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙላቸው «የአማርኛ አስተርጓሚ ይኑር» ብላችሁ አስመዝግቡ።