ዛፍ አቅፈው የቀሩት ጋሼ

ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ ገመድና ድልድይ የተዘረጋበት ፓርክ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ እዛ ነው የምሰራው። ምን ትሰራለህ ሲሉኝ ማስረዳቱ ያደክመኛል፣ እናቴማ እስካሁን ለጎረቤት "ዛፍ ላይ ነው የሚሰራው" ነው የምትለው፣ ውሸትም አይደለም። ሰው ሀርነስ የሚባለውን ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር የደህንነት ቀበቶ ይታጠቅና በሚወዛወዝ ድልድይ፣ በመረብ፣ በተንጠለጠለ ግንድ ላይ እየተሻገረ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ በዚፕላይን፣ ማለት በተወጠረ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ተንሸራቶ ይወርዳል። እኛ እናስታጥቃለን፣ እናሰለጥናለን፣ ከታች ሆነን እናያለን፣ ላይ የቀረ ካለ ደግሞ ወጥተን እናወርዳለን።

በበጋ አንድ ቅዳሜ የስካውት ልጆች መጡ፣ የወንዶቹም የሴቶቹም ቡድን አንድ ላይ። ስካውት ድሮ በ1907 እንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት ላይ ባደን ፓወል የሚባል የጦር መኮንን ልጆች ሰብስቦ ካምፕ ያስወጣ ጊዜ የተጀመረ ነገር ነው፣ የአሜሪካው ድርጅት ደግሞ ሴቶቹንም ካስገባ በኋላ በ2025 ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎታል። እነሱ ጋ ጥብቅ ሕግ አለ፣ ቢያንስ ሁለት አዋቂ መሪ ከሌለ ልጆቹን የትም ይዞ መሄድ አይቻልም። እና ከመሪዎቹ አንዱ የኛ ሰው ሆኑ፣ ሃምሳ ቤት የገቡ፣ የካኪ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ፣ ልጃቸውም ከስካውቶቹ አንዱ ነው። ገና ሳስታጥቃቸው "ሀበሻ ነህ አይደል?" ብለው ወሬ ጀመሩ፣ በመሀል በመሀል ግን እየሳቁ "ይሄ ገመድ ግን ሰው ይችላል?" ይሉኛል፣ አዎ እላለሁ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ያንኑ ይጠይቁኛል።

ገመዱማ ይችላል። እያንዳንዱ ሰው ከሀርነሱ ጋር የታሰረ ሁለት ካራቢነር፣ ማለት የሚቆለፍ መንጠቆ፣ አለው፣ ሁለቱ በውስጥ የተያያዙ ናቸው፣ አንደኛው ሽቦው ላይ ካልተቆለፈ ሌላኛው አይከፈትም፣ ስለዚህ ረስቶም ይሁን ተሳስቶ ሁለቱንም በአንዴ መፍታት አይችልም። ልጆች ይሄ ወዲያው ነው የሚገባቸው፣ ከስልክ ጋር ስላደጉ ይሁን እንጃ። አዋቂው ነው እየታገለ የሚያላበው።

ችግሩ የመጣው መካከለኛው ኮርስ ላይ ነው። ጋሼ ተንጠልጣዮቹን ግንዶች እንደምንም ተሻግረው ፕላትፎርሙ፣ ዛፉ ላይ የተሰራው መቆሚያ፣ ላይ ሲደርሱ ዛፉን አቀፉት፣ በቃ አቅፈው ቀሩ። መሻገሪያ ላይ አንድ ሰው ብቻ፣ ፕላትፎርም ላይ ደግሞ ከሦስት ሰው በላይ አይቆምም፣ ስለዚህ አንድ ሰው ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፣ ልጆቹ በየዛፉ ተደርድረው ቀሩ። ከታች ደግሞ ጩኸት ተጀመረ፣ ዩ ጋት ዲስ (ትችለዋለህ)፣ ዶንት ሉክ ዳውን (ወደታች አትይ)፣ ምናምን። ወደታች አትይ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ወደታች ማየት ነው'ኮ። ሱፐርቫይዘሩ በሬዲዮ "ቋንቋቸውን የምትችለው አንተ ነህ፣ ውጣ" አለኝ፣ የማውረጃውን ቦርሳ ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሀርነሱ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ መፍጠን የግድ ነው፣ እግሩ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ደም ወደታች ይጠራቀምና ራሱን ሊስት ይችላል። በእግሩ ቆሞ ዛፍ ያቀፈ ሰው ግን ጊዜ አለው፣ ለማውራት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ስደርስ ሁለቱም ካራቢነራቸው በትክክል ተቆልፏል። ጉንጫቸው የዛፉ ልጥ ላይ ተለጥፏል፣ ጓንቱ ከጣታቸው ላይ ግማሽ ወጥቷል፣ እጃቸው ግን ንቅንቅ አይልም። አይናቸው ወደ መሬት አይደለም፣ ቀጣዩ ዛፍ ላይ ቆሞ ወደሚያያቸው ልጃቸው ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሱን እንዲሄድ በለው" አሉኝ፣ ሌላ ምንም የለም። ያኔ ነው ከፍታው ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ፣ አይዞዎት ብላቸውም ልጁ እየሰማ ስለሆነ ይብስባቸው ነበር። ልጁን በእንግሊዝኛ "አባትህና እኔ እዚህ ሥራ አለን፣ አንተ ቀጥል፣ ኋላህ ሰልፍ ነው" አልኩት፣ ቀጠለ። እሱ ከአይናቸው ሲሰወር ትንፋሻቸው ሲወጣ ሰማሁት።

ከዛ በኋላ ትንንሽ ነገር ብቻ ነው ያዘዝኳቸው። "ጋሼ፣ ግራዎት እዛው ይሁን፣ ቀኝ እጅዎን እዚህ ሽቦ ላይ ያድርጉልኝ።" አደረጉ። "አሁን እኔን ይዩኝ፣ ይሄን ገመድ ሆድዎ ፊት ለፊት ልሰር።" አሰርኩ፣ ክብደታቸውን ገመዱ እስኪይዘው ወጠርኩት፣ ከራሳቸው ካራቢነሮች ወደ ማውረጃው ገመድ አዛወርኳቸው። የቀረው ከፕላትፎርሙ ጠርዝ ወደኋላ መቀመጥ ነው፣ ማንም ሰው የሚከብደው እሱ ነው፣ ባዶ አየር ላይ ተቀመጥ ማለት'ኮ ቀላል አይደለም። ትንሽ ዝም አሉና "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ፣ የአባቴን ስም ነገርኳቸው፣ በመሀል ተቀመጡ።

ከዛ በፊት ግን በሬዲዮ ታች ላለችው ባልደረባዬ አንድ ነገር ነግሬያት ነበር፣ ሰዉን በሙሉ ዚፕላይኑ ማለቂያ ጋ ውሰጂልኝ፣ ልጆቻችሁን ቪዲዮ አንሱ በያቸው፣ እዚህ ማንም አያጨብጭብ። አሜሪካኖች ደግ ናቸው፣ ሰው ሲወርድ ያጨበጭባሉ፣ ጋሼ ግን ከዚያ ጭብጨባ ዛፉ ላይ ማደር ይሻላቸው ነበር። መሬት ሲደርሱ ከሷ ሌላ ሰው አልነበረም። ሸሚዛቸውን አስተካከሉ፣ ውሃ ጠየቁ፣ ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው በዚፕላይን ሲመጣ ሊቀርፁ ሄዱ።

ማታ እቃ ስንሰበስብ ክርክር ተነሳ። አንዱ ባልደረባዬ "ዝም ብለህ ቶሎ ብታወርዳቸው ሰልፉ አይረዝምም ነበር" አለኝ፣ ሰልፉስ እውነቱን ነው። ግን ብሪፊንጋችንን፣ ሰው ከመውጣቱ በፊት የምንሰጠውን ገለጻ፣ አስቡት፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ እንዴት እንደሚሻገሩ፣ ስንት ሰው እንደሚቆም እናስተምራለን፣ እንዴት ልውረድ እንደሚባል የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የለችበትም። ሰዉ መውረድ የሚቻለው ሲያቅተው ብቻ ይመስለዋል። አሁን ገና መሬት ላይ እያለን ከየትኛውም ፕላትፎርም ላይ "ልውረድ" ማለት እንደሚቻልና ለምን ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ እንናገራለን። ሱፐርቫይዘሩ ብሪፊንጉ ረዘመ ብሎ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።

ለስካውት መሪዎች ደግሞ ለብቻቸው ነው የምነግራቸው፣ ልጆቹ ሀርነስ እየታጠቁ ሳለ ገለል አድርጌ። ሕጉ ሁለት አዋቂ ይገኝ ነው የሚለው፣ ሁለት አዋቂ ይውጣ አይልም፣ እንዲያውም ታች ያለ ሰው ሁሉንም ልጅ በአንዴ ያያል እላቸዋለሁ። ባለፈው አንዷን መሪ እንደዛ ስላት "ሪሊ?" ብላ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ሀርነሱን ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።